የማለዳው ፈረቃ ድምፅ

ጥቅምት 9

ሚጣ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሰነበትሽ በአራት ገጽ ጽፈሽልኛል።

በስልክ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ። ከእንግዲህ የምንነጋገረው በደብዳቤ ብቻ ነው ማለትሽንም ተቀብያለሁ። ልክ ነሽ፣ በወረቀት ላይ መጮህ ያስቸግራል። እሞክራለሁ።

ሐኪሙ ስለ ጥናቱ የሰጠሽን ጽሑፍ አንብቤው እንደሆነ ጠይቀሻል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የገባኝን ልንገርሽና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ከአንጎል ተነስቶ በአንገት በኩል እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ረጅም ነርቭ አለ። ሰዎቹ በግራ አንገትሽ በኩል በዚህ ነርቭ ላይ ቀጭን ሽቦ ሊጠመጥሙ፣ ከደረትሽ ቆዳ ሥር ደግሞ ከክብሪት ሣጥን የምታንስ ባትሪ ሊቀብሩ ይፈልጋሉ። ባትሪዋ ለነርቩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰጠዋለች፤ ነርቩ ደግሞ የተቆጣውን አንጀትሽን “በቃህ” ይለዋል። አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒት ሲለምነው እምቢ ያለውን አንጀት ሽቦ ያግባባዋል ማለት ነው። ይሁን።

ያናደደኝ ሦስተኛው ገጽ ነው። መሣሪያው ለሁሉም ይገባል፤ ለአሥራ ስድስት ሳምንት ግን የሚበራው ለግማሾቹ ብቻ ነው። ለማን እንደበራ ታማሚዋም፣ ነርሷም፣ ሐኪሙም አያውቁም። ይህን ሳነብ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ከዚያ መልሼ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም እኔም መሥሪያ ቤት የማደርገው ይህንኑ ነው። በእኛ ክፍል የመፈተሻውን ክብደት ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ሰውና ቁጥሩን የሚያነበው ሰው አይተያዩም። ትክክለኛው ልክ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው። አንባቢው ያየውን ጽፎ፣ ፈርሞ ካስረከበ በኋላ ፖስታው ይከፈታል። አምና ፖስታውን ቀድሞ የከፈተውን ችኩሉን ሁለት ሳምንት ከሥራ አግጄዋለሁ። የአርባ ዓመት ሰው ፊቴ ቆሞ አለቀሰ፤ አልራራሁም። መልሱን ቀድሞ ያወቀ ዓይን የሚያነበው የሚፈልገውን ነው።

ስለዚህ አሠራሩ ትክክል ነው። በእህቴ ላይ መሆኑ ነው ትክክል ያልሆነው።

አንጀትሽ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። ቀዶ ሐኪሙ ሦስተኛውን ከቆረጠ ቀሪ ዘመንሽን በሆድሽ ላይ ከረጢት ለጥፈሽ ትኖሪያለሽ፤ ግን ትኖሪያለሽ። አራት ወር ሙሉ ባልበራች ባትሪ ስትጠብቂ አንጀትሽ ቢበሳስ? የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ አርባ አራት ዓመትሽ ነው፣ ምንም እንኳ ለእኔ ሚጣ ብትሆኚ።

ወንድምሽ

የረሳሁት፦ የክሊኒኩ ሚዛን ሦስት መቶ ግራም ይሳሳታል። ባለፈው ስመጣ ቆሜበት አይቻለሁ። ንገሪያቸው።


ጥቅምት 21

ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ከመጨረሻው ትእዛዝህ ልጀምር። አዎ፣ ስለ ሚዛኑ ለነርሷ ነግሬያታለሁ።

“ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ሚዛን መርማሪ።”

“ሚስት አለችው?”

“ነበረችው።”

“ገባኝ” ብላ ሄደች።

ጥያቄህን በተመለከተ፣ ፈርሜያለሁ። በ28 መሣሪያው ይገባልኛል። ለምን ካልከኝ፣ ከሰባት ዓመት በፊት የማለዳው ፈረቃ የኔ ነበር፤ ታስታውሳለህ። የረጅም መንገድ ባቡሮች በሙሉ የሚነሱት በማለዳ ነው። ሰው ሲሰነባበት፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ሻንጣ ሲጎተት፣ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነበር። ከማስታወቂያ ክፍሌ እስከ ሽንት ቤቱ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። አንጀቴ ደግሞ የሚብስበት ጠዋት ነው። አንድ ቀን “በሁለተኛው መስመር ላይ የቆመው ባቡር” ብዬ ድምፅ ማጉያውን ሳላጠፋ ሮጥኩ። የጫማዬ ኮቴና የበሩ መንጓጓት ጣቢያውን ሞላው። ሰዎቹ ባቡሩ ምን እንደሆነ ለመስማት ቀና ብለው ጠበቁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ወደ ከሰዓት አዛወረኝ። የከሰዓት ባቡሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ቅርብ ነው የሚሄዱት።

ከረጢቱን አልፈራውም። ከረጢት ይዘው የሚሠሩ፣ የሚስቁ ሰዎች ክሊኒኩ ውስጥ አይቻለሁ። ግን ከዚያ በፊት አንድ ያልሞከርኩት ነገር አለ፤ ሳልሞክረው ልቆረጥ አልፈልግም።

ሐኪሙ አንድ ነገር አስጠንቅቆኛል። ይኸው ነርቭ ወደ ድምፅ አውታርም ቅርንጫፍ ስላለው፣ መሣሪያው በሚሠራበት ሰዓት ድምፅ ሊሻክር ይችላል። ሥራዬን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሁለት ጊዜ “እርግጠኛ ነሽ?” አለኝ። ነኝ አልኩት።

አሁን ልመና አለኝ። በርቶልኛል አልበራልኝም የሚለውን ለማወቅ አትሞክር። እኔም ላለመሞከር ፈርሜያለሁ። አውቅሃለሁና ቃልህን በጽሑፍ ላክልኝ።

ሚጣህ


ኅዳር 14

ሚጣ፣

የአንገትሽ ቁስል በመድረቁ ደስ ብሎኛል። የስፌቱን ርዝመት መጻፍ አያስፈልግሽም ነበር፤ ግን አመሰግናለሁ።

ቃል ገብቻለሁ። ባለፈው ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ አሁንም እየጻፍኩ ነው። ስንት ጊዜ ልድገመው?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድምፅሽ ናፈቀኝ። ስልኩን ከልክለሽኛል። የጣቢያው ማስታወቂያ ሁሉ ይቀዳል ብለሽኝ ነበርና በየሳምንቱ የአንድ ቀኑን ቅጂ በፍላሽ ብትልኪልኝ እራት ስበላ እሰማዋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተቀዳም ካለ ጨምሪልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ሆዴ ባባ። አንተ፣ ናፈቀኝ? ለአለቃዬ አሳየሁት። “ወንድሜ የባቡር ሰዓት እየሰማ ነው እራት የሚበላው” አልኩት። ሳቀና ቅጂዎቹን ራሱ ገልብጦ ሰጠኝ። ሦስት ፍላሽ ልኬያለሁ፤ የበፊቱም የአሁኑም አለበት።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅኸኝ፣ በቀን አሥራ አራት ጊዜ እሮጥ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ወደ ዘጠኝ ወርዷል። ሁሉንም በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ኪሎም ጨምሬያለሁ። በየትኛው ሚዛን እንዳትለኝ፣ አስተካክለውታል። ነርሷ “ለዚያ ሰውዬ ሰላም በይልኝ” ብላለች፤ በምን ፊት እንዳለችው አልነግርህም።

ገና ነው፣ ብዙ ደስ አይበለን። እኔ ግን ትንሽ ደስ ብሎኛል። ትናንት ከቤቴ በታች ካለው ሱቅ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ ገብቼ ወጣሁ።

ሚጣህ


ጥር 8

ሚጣ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ቃሌን አፍርሻለሁ። የላክሽልኝን ቅጂዎች ከእኛ ፎቅ በላይ ወዳለው የድምፅ መለኪያ ክፍል ወሰድኳቸው። ባልደረባዬ እዚያ የምትሠራ ጠንቃቃ ሴት ናት። አብረን ስልሳ አንድ ማስታወቂያ ለካን፤ ሃያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ አርባ አንዱ ከዚያ በኋላ። ባነበብኩት ጥናት መሠረት መሣሪያው ቀኑን ሙሉ በየጥቂት ደቂቃው ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር ድምፅ ይሻክራል። በአርባ አንዱ ማስታወቂያ ውስጥ አንድም መሻከር የለም። ድምፅሽ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የፀጉር ስንጣቂ ያህል አልተለወጠም።

አልበራልሽም፣ ሚጣ። ከአሥራ አራት ወደ ዘጠኝ የወረድሽው በተስፋ ነው። ሰው እየታከምኩ ነው ብሎ ሲያምን ለጥቂት ሳምንት ይሻለዋል፤ ጥናቱ ለማን እንደበራ የሚደብቀው ለዚሁ ነው። ተስፋ ግን የተበሳሳ አንጀት አይደፍንም። ቀዶ ሐኪሙ በየካቲት መጨረሻ ክፍት ቀን አለኝ ብሎሻል። ከጥናቱ ውጪና ቀኑን ያዢ። የሞተ ባትሪ ደረትሽ ውስጥ ቀብረው ሲያስቆጥሩሽ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ተቆጪኝ። ግን ቀኑን ያዢ።

ወንድምሽ


ጥር 16

ጋሼ፣

ድምፅሽ ናፈቀኝ ያልከኝ ለዚህ ነው?

ለአለቃዬ አሳይቼው ነበር። ለነርሷ ነግሬያት ነበር። በየሳምንቱ ያንተን ቅጂ ስመርጥ ጥሩ የተናገርኩበትን ቀን እየፈለግኩ ነበር።

ለቀዶ ሐኪሙ ደውያለሁ። የካቲት 26 ነው። ደስ ይበልህ። ልከራከርህ ፈልጌ ነበር፤ ግን በአርባ አራት ዓመቴ አንተ ለክተህ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም። ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ እንደገና ወደ አሥራ ሁለት ወጥቻለሁ።

ለነርሷም ወንድሜ አስልቶ ነገረኝ ብያታለሁ። መደበቅ አልችልም። ፊቷ ግድግዳ ነው። “ቀኑ እስኪደርስ መዝገብሽን አታቋርጪ” ብቻ አለችኝ።

መልስ አትጻፍልኝ።


የካቲት 2

ጋሼ፣

አትጻፍ ብልህም ሁለት ጊዜ ጽፈሃል። ሁለቱም ሳይከፈቱ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ይህን የምጽፈው ፍላሽ ስለምልክልህ ነው፤ ፍላሹ ያለ ማብራሪያ አይገባህም።

ማክሰኞ የማለዳዋ ባልደረባዬ ልጇ ታሞባት ቀረች። አለቃዬ ቤቴ ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። “አንድ ቀን ብቻ፣ ካልቻልሽ ግን...” ሲለኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ከየካቲት 26 በኋላ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን እንኳ ልቀመጥበት አልኩ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ የሰሜኑን ባቡር እያስታወቅኩ ነው። “በሁለተኛው መስመር” ካልኩ በኋላ ድምፄ ተሰነጠቀ። ተሰነጠቀ ስልህ፣ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ብዙ ያጨሱ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብተው “የቆመው ባቡር” አሉ። ከመስኮቴ በታች ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰውዬ ቀና አለና “እመቤት፣ ጉንፋን ነው? ማር አለኝ!” ብሎ ጮኸ። አላቆምኩም። ጣቢያዎቹን በሙሉ በሽማግሌው ድምፅ ጠራኋቸው። ከዚያ ድምፄ እንደሄደ ተመለሰ።

የሚቀጥለውን ባቡር በራሴ ድምፅ አስታወቅኩ።

ገባህ? ብቻዬን ነው የምኖረው። ከእንቅልፌ ተነስቼ ሥራ እስክገባ ድረስ ከማንም ጋር አላወራም። በየማለዳው ፊቴን ስታጠብ ጉሮሮዬን ይኮረኩረኛል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮው የማይኮረኩረው ማን ነው ብዬ ትቼው ነበር። ረቡዕ ቤት ሆኜ ለመስታወቱ የሰሜኑን ባቡር አስታወቅኩት። ሽማግሌው መጡ። ሐሙስም። ዛሬም።

ሌላውን ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ማክሰኞ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለቀቅኩት። ያውም ሄድኩ እንጂ አልሮጥኩም።

ለነርሷ ነገርኳት፤ መናገር ግዴታዬ ነው። ጻፈችው። ፊቷ አሁንም ግድግዳ ነው፤ እስክሪብቶዋ ግን ከእጇ ወደቀ። ለቀዶ ሐኪሙም ደውዬ ቀኑን ለሌላ ሰው ስጠው ብየዋለሁ። ጥናቱን እስከ መጨረሻው እጠብቃለሁ።

አሁን እራትህን አቅርብና ስማው። ይኸኛው የማለዳ ነው።

ሚጣ


የካቲት 9

ሚጣ፣

ሰማሁት። እራት አልበላሁም።

ሰበቤን አልዘረዝርም፤ ስህተቴን ግን እዘረዝራለሁ፣ ልዩነቱን ታውቂያለሽ። ያነበብኩት ጥናት ስለ ሌላ መሣሪያ ነበር። የአንቺ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳ መሆኑን በመጀመሪያው ጽሑፍሽ አምስተኛው ገጽ ላይ ማግኘት እችል ነበር፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተናድጄ አምስተኛውን ሦስቴም ዘልዬዋለሁ። ስልሳ አንድ ማስታወቂያ ለካሁ። ስልሳ አንዱም የከሰዓት ነበሩ። በመለኪያ ክፍሉ ያለች ሴት “የጠዋት የለም?” ብላኝ ነበር። “ጠዋት አትሠራም” አልኳት፤ ለምን ጠዋት እንደማትሠሪ እያወቅኩ። አልበራም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስለዚህ ያነበብኩት የፈራሁትን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ልኬቱ አይደለም። ናፈቀኝ ያልኩሽ ነው። በዚያ ቃል ቁልፍ ሠርቼ ቤትሽን ከፈትኩበት። እህቴን በልኬቴ አስፈራርቼ ልትቆረጥ ቀን አስያዝኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይቀልብኛል፤ ሌላ ቃል ስለሌለ ግን ይቅርታ።

አምና ላገድኩት ለችኩሉ ነገርኩት። ሁሉንም። ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ። “ታዲያ እርስዎን ስንት ሳምንት እናግድዎት?” አለኝ። ሦስት አልኩት። ዕረፍት ወስጃለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ቀይ ወረቀት ታገኛለሽ። በእኛ ዘንድ መሣሪያ ሲሳሳት ከተገኘ ይህ ይታሰርበታል፤ ማንም እንዳይጠቀምበት። በላዩ የስህተቱ ዓይነት፣ ቀኑና የመርማሪው ፊርማ ይጻፋል። “የመሣሪያው ዓይነት” በሚለው ቦታ ላይ “ታላቅ ወንድም” ብዬ ሞልቻለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ የታሰረበት ራሱ ሊፈታው አይችልም። ሌላ ሰው እንደገና ፈትኖ ካላለፈ አይፈታም።

ያልከፈትሻቸውን ሁለቱን ደብዳቤዎች አቃጥያቸው። ሁለቱም ስለ ራሴ ነው የሚያወሩት።

ወንድምሽ


መጋቢት 12

ጋሼ፣

ፖስታው ተከፈተ። በርቶልኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን።

ሐኪሙን ለምን ማለዳ እንደሆነ ጠየቅኩት። የሁሉም መሣሪያ የሚነሳው አብዛኛው ሰው ከማንም ጋር በማያወራበት ሰዓት እንዲሆን ሆን ብለው ነው፤ ድምፃችን እንዳያጋልጠን። “አንድ ሰው ግን በድምፅ ማጉያ ለጣቢያ ሙሉ ሕዝብ ያጋልጠዋል ብለን አላሰብንም” አለኝ። ያንተንም ልፋት ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ “አሠራራችንን ምን አለው?” ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

አንጀቴን በካሜራ አይተውታል። ቁስሎቹ ግማሽ በግማሽ ደርቀዋል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አሳዩኝ፤ የመስከረሙ የተላጠ ጉልበት ይመስላል፣ ያሁኑ ደግሞ አንጀት ይመስላል። በቀን አራት ጊዜ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሦስት። ሐኪሙ “ዳንሽ” አላለኝም፤ እንዲለኝም አልፈለግኩም። መድኃኒቱን እየወሰድኩ፣ በየሦስት ወሩ እየታየሁ እቀጥላለሁ። ለአንዳንዱ ሰው እንደማይሠራ፣ ለኔም ሊደክም እንደሚችል ነግሮኛል። መገጣጠሚያዬን አሁንም ያመኛል። ቀዶ ሐኪሙ ግን መዝገቤን ዘግቶ ለነርሷ መለሰላት። ነርሷ ያን ግድግዳዋን አፍርሳ አቀፈችኝና “አሥራ ስድስት ሳምንት ፊቴን ስቆጣጠር መንጋጋዬን አመመኝ” አለች።

የማለዳውን ፈረቃ መልሰው ሰጥተውኛል። ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።

ሽማግሌው በየቀኑ ይመጣሉ። ሐኪሙ መሣሪያው የሚነሳበትን ሰዓት ሊያዛውርልኝ ይችላል፤ ለሚያዝያ 8 ቀጠሮ አለኝ። ደንበኞቼ ቅር ይላቸዋል፤ የሰሜኑ ባቡር ተሳፋሪዎች አሁን ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በሳቸው ነው። ያ ባለሻንጣ ሰውዬ አንድ ጠርሙስ ማር ለአለቃዬ ትቶልኝ ሄዷል።

ቀይ ወረቀትህ በክፍሌ መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አለቃዬ ሲያነበው ከሳቅ ብዛት ወንበር ያዘ። አሁን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ እሰረውና ና። እኔ ነኝ የምፈትንህ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ከቀጠሮዬ በፊት በአንዱ ማለዳ መስመር ሁለት ላይ ተቀመጥ። ማስታወሻ ደብተር የለም፣ ስልክ የለም፣ ሰዓት የለም። ስማኝ። ሽማግሌው ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ ልትጠይቀኝ ነው፣ አውቃለሁ፤ አልነግርህም።

ሚጣህ


ሚያዝያ 4

ሚጣ፣

ይህን የምጽፈው ከመስኮትሽ በታች ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ፈረቃሽ ሲያልቅ በእጅሽ እሰጥሻለሁ። እስክሪብቶ አልከለከልሽኝም።

ሐኪሙ ለጠየቀሽ መልስ፣ አሠራራቸው በጣም ጥሩ ነው። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም፤ ንገሪው።

ፈተናውን ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ከክፍልሽ በር እስከ ሽንት ቤቱ ሠላሳ ስምንት እርምጃ ነው እንጂ አርባ ሁለት አይደለም። የኔ እርምጃ ረዝሞ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምንም አልቆጠርኩም። የእጅ ሰዓቴ ቤት ነው። የጣቢያው ትልቅ ሰዓት ከጀርባዬ ነው፤ ወንበሩን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ከልጇ ጋር ተቀምጣለች። ሰው ሲመጣ፣ ሲሰነባበት፣ ሻንጣ ሲጎትት ቆየ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ድምፅሽ ጥርት ብሎ ጀመረና “በሁለተኛው መስመር” ላይ ሽማግሌው ገቡ። ልጅቷ ሳቀች። እናቷ “ዝም በይ! እሳቸው ናቸው፣ ተነሺ፣ ባቡራችን ነው” አለቻት። ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። ድሮ ገና ፊደል ሳትቆጥሪ ከአልጋዬ ሥር ተደብቀሽ የአባባን ድምፅ እያስመሰልሽ ስታስደነግጪኝ የነበረው ድምፅ ነው። ስልሳ አንድ ጊዜ ሰምቼሽ ይህን አንዴም አልሰማሁትም።

ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ጠራሻቸው። አልቸኮልሽም። በመጨረሻው ላይ የገዛ ድምፅሽ ተመለሰና “መልካም መንገድ” አልሽ።

ስንት ደቂቃ ቆየ? አላውቅም፣ ሚጣ።

ናፍቀሽኝ ነበር። ቀዩ ወረቀት የጃኬቴ ቁልፍ ላይ ታስሯል። ስትወርጂ፣ ሳትሮጪ፣ ነይና ፍቺው።

ወንድምሽ